እትዬ አደራና ሥራ የማይፈቱት እንግዶቻቸው

በየከተማው ከአያት የወረደ አንድ አሮጌ ቤት አለ፤ በየአሮጌው ቤት ደግሞ ቤቱን አስተዳድራለሁ የምትል፣ እውነቱ ሲታይ ግን ቤቱ የሚያስተዳድራት አንዲት ሴት አለች። ይህን የሚክድ ሰው ወይ ከተማ አላየም፣ ወይ እህት የለውም። ይህች ሴት ግድግዳው ሲሰነጠቅ ራስ ምታት ይይዛታል። ጣሪያው ሲያፈስ እሷ ታስነጥሳለች። "ቤቴ" ብላ አታውቅም፤ "የአባቴ ቤት" ነው የምትለው። አባትየው ካረፉ ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ምስማር ለመምታት ፈቃድ የምትጠይቀው እሳቸውን ነው።

የእኛ ከተማዋ እትዬ አደራ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው የለም። ክብርት እመቤታችን አፋቸውን ከከፈቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ "አደራ" አለችበት። "አደራ፣ መዝጊያውን ቀስ።" "መስኮቱ ላይ አትደገፍ፣ በዕድሜ ይበልጥሃል፣ አደራ።" "ደህና እደር፣ አደራ።" በዚህ በመጨረሻው ላይ ብዙ አስቤበታለሁ፤ እንቅልፉንም ተበድረን የምንተኛው ከቤቱ ነው መሰለኝ።

ቤታቸውን አድሰው የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት ነው የተባለ ጊዜ ብዕሬን ስዬ ነበር የጠበቅኩት። እድሳት የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። በእኛ ከተማ ማደስ ማለት ሽማግሌውን ጥርስ አስተክሎ፣ ፀጉር ቀብቶ፣ ሙሽራ ነው ብሎ መዳር ነው። አያቶቻችን በትከሻቸው ተሸክመው የደረደሩትን ድንጋይ በሲሚንቶ ይለስኑታል፣ የእንጨቱን በረንዳ ነቅለው መስታወት ይገጥሙበታል፣ ደጁ ላይ የላስቲክ አበባ ያቆማሉ፤ ከዚያ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። ለማጨብጨብ እጅ የማናጣ ሕዝብ ነን። ለመጠገን ሲሆን ነው እጃችን የሚያጥረው።

እትዬ አደራ ግን ሪባንም አልቆረጡ። ያደረጉትን የምነግራችሁ አናጢው እንዳጫወተኝ ነው።

ወደ ላይ የሚወጣው የእንጨት ደረጃ ሦስተኛው መርገጫ ሲረገጥ ይጮኽ ነበር። አናጢው ደህና ባለሙያ ነውና ሳይታዘዝ ምስማር መትቶ ዝም አሰኘው። እትዬ አደራ መጥተው ረገጡት፤ ጭጭ። ፊታቸው ቡን አለ። ምን አደረግከው አሉት፤ አስተካከልኩት አላቸው። "ታዲያ ሰው ሲመጣ በምን ልናውቅ ነው?" አሉ። ምስኪኑ አናጢ ግማሽ ቀን ሙሉ ያንን እንጨት መልሶ ሲያስጮህ ዋለ። ዝም ከማሰኘት ማስጮህ ይከብዳል ይላል እስከ ዛሬ፤ ያውም እሳቸው አጠገቡ ቆመው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ ቀጠን ይበል፣ አሁን ደግሞ አበዛኸው፣ እያሉ።

የማረፊያው ክፍሎች ቁጥር የላቸውም። የእማዬ ክፍል፣ የአክስቴ ክፍል፣ የታናሽ ወንድሜ ክፍል ነው የሚባሉት። እንግዳ ሲመጣ እትዬ አደራ ደጃፉ ላይ ቆመው ከጫማው እስከ ግንባሩ ያዩታል፤ ያለ ሜትር እንደሚለካ ልብስ ሰፊ። ከዚያ የሚገባውን ቁልፍ ይሰጡታል። "እርስዎ" መባል እስከ ቁልፉ ድረስ ብቻ ነው። ቁልፉን ከጨበጠ በኋላ ሚኒስትርም ይሁን ዳኛ "አንተ" ነው።

ጣጣው የሚጀምረውም ያኔ ነው፤ ከክፍሉ ጋር የክፍሉ ሥራ ይመጣል። የእማዬን ክፍል የያዘ ሰው ጠዋት ጠዋት የበረንዳውን አበቦች ያጠጣል፤ እማዬ ያጠጡ ነበራ። የአክስትየውን ክፍል የያዘ ምሳ ሲደርስ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቤተሰቡን ይጣራል። የታናሽ ወንድምየውን የያዘ ደግሞ ሲመሽ የግቢውን ትልቅ በር ይዘጋል። እንግዳ ሆኖ፣ ከፍሎ፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ሥራ ይቀጠራል።

እነዚህ ዓይኖቼ አይተዋል። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከነክራቫቱ ውኃ ማጠጫ ይዞ ከአበባ ወደ አበባ ሲዞር፣ እትዬ አደራ በመስኮት ብቅ ብለው "ለጽጌረዳዋ አታብዛባት፣ እማዬ እንዲህ አያደርጉም ነበር" ሲሉት አይቻለሁ። ሙሽሮች መጥተው የአክስትየው ክፍል ደረሳቸው። ሙሽራዋ ዓይነ አፋር ነበረች፤ በመጀመሪያው ቀን ድምጿ ከበረንዳው አጥር አላለፈም። ሊሄዱ ሲሉ ግን አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ይሰማ ነበር። ባልየው በአዲስ ዓይን ይመለከታት ጀመር፤ አክብሮት ነው ብሏል፣ እኔ ፍርሃትም አይቼበታለሁ።

አንድ ጊዜ ከቱሪዝም ቢሮ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው መጥቶ፣ በዚህ ሙያ እንግዳ ንጉሥ ነው፣ ንጉሥ ደግሞ በር አይዘጋም፣ ብሎ በሰፊው አስረዳቸው። እትዬ አደራ እስኪጨርስ አዳመጡት። "በዚህ ቤት ንጉሥ ኖሮ አያውቅም፤ ሁላችንም ሥራ ነበረን" አሉት። ከዚያ አንሶላ እያጠፉ ስለነበር ሁለቱን ጫፍ አስያዙት። ይዞ አጠፈ።

ተቆጥቶ የሄደ እንግዳ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ብዙዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ እስካሁን ስልክ ይደውላል። የሚጠይቀው ስለ ጽጌረዳዋ ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። ነፋስ የቤቴን ቆርቆሮ ገልጦ ወሰደውና፣ እስኪጠገን ድረስ አንድ ሳምንት እትዬ አደራ ዘንድ ላርፍ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ እንደ ደንቡ አዩኝ። ከሌላው ሰው ይልቅ ረዘም አድርገው ነው ያዩኝ። ከዚያ ከሽርጣቸው ኪስ የዛገ ቁልፍ አውጥተው፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ማረፊያው ከተከፈተ ጀምሮ ሰው ተኝቶበት የማያውቅ ክፍል ከፈቱልኝ። "አደራ" ብለው ሄዱ። ሥራ አልሰጡኝም።

ጠበቅኩ። ነጋ፣ ምንም። ሰው ሁሉ አንዱ ያጠጣል፣ አንዱ ይጣራል፣ እኔ እንደ ጆንያ ተቀምጫለሁ። የዚህን ከተማ ስንፍና ስጽፍ ያረጀሁት ሰውዬ ለበር መዝጊያነት እንኳ ሳልታጭ ቀረሁ። በንዴት ያገኘሁትን ሁሉ መተቸት ጀመርኩ። ሾርባው ጨው የለውም አልኩ። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ደረጃው ያደነቁራል፣ ትራሱ ድንጋይ ነው አልኩ። እትዬ አደራ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ፈገግ ይሉና "እሺ" ይላሉ። በማግስቱ ሾርባው አሁንም ጨው የለውም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ታናሽ ወንድማቸው መጣ።

ነገሩ ቀልድ የማይሆንበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። ከቤቱ እኩሌታው በውርስ የእሱ ነው። በትልቁ ከተማ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይነግዳል፤ ቤቱን አፍርሶ ባለመስታወት ሕንፃ የሚያቆም ገዢ አግኝቷል። ሰኞ ሊፈርም ነው። እሱ ከፈረመ እትዬ አደራ ብቻቸውን ቤቱን የሚይዙበት አቅም የላቸውም፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እንደ ልማዱም ከንፈሩን ይመጥጣል። እሳቸው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም። ሳምንቱን ሙሉ የበር እጀታዎችን ሲወለውሉ ሰነበቱ፤ ነገ ለሚቀበር ሰው ገላውን እንደሚያጥቡ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔ መቼም ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም፣ ሰውየውን እትዬ ፊት ጠየቅኩት፤ እንዴት አስችሎህ ነው? አልኩት። ተቀይሞ ቢመልስልኝ ይሻል ነበር። ሳቅ ብሎ "ጋሼ፣ የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባል የለ?" አለኝ። ይህን ተረት ያወጣውን ሰው ባገኘው እያልኩ ስንት ዘመን ስመኝ ኖሬያለሁ። የመለስኩለት ለኅትመት አይሆንም።

ወደ እህቱ ዞረ። "እታለም፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ። ፎቅ ነው፣ ደረጃ መውጣት የለም። ሊፍት አለው።"

እትዬ አደራ ድንች እየላጡ ነበር። "ሊፍቱ ይጮኻል?"

"ኧረ ምንም አይጮኽ።"

"እንግዲያው ማን እንደመጣ በምን አውቃለሁ" አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የበሩ ሰዓት ደረሰ። የታናሽ ወንድምየውን ክፍል ይዞ የነበረው አንድ የመነጽር ነጋዴ ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሥራውን አክባሪ። የግቢው በር ደግሞ የአንድ ክንፉ ማጠፊያ ከአባትየው ጊዜ ጀምሮ የረገበ ነው፤ እትዬ አደራ እንዳይነካ ብለዋል፤ ባለሙያም አላስጠጉበት። ነጋዴው ወጣ፣ ክንፉን በሁለት እጁ ገፋ። እንጨቱ መሬት ነክሶ ቆመ። መልሶ ገፋ፤ ማጠፊያው አቃሰተ።

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ስልኩ ያያል። ነጋዴው ሲገፋ የእሱ ትከሻ አብሮ ይነቃነቃል።

"ሰውዬው በሩን ሊሰብረው ነው" አለ።

"ይስበረዋ" አሉ እትዬ አደራ፣ ቀና ሳይሉ። "ሰኞ አይደል የሚፈርሰው?"

ስልኩን ሱሪ ኪሱ ከተተ። ማጠፊያው እንደገና አቃሰተ። ያን ጊዜ ኮቱን አውልቆ ጭኔ ላይ ወርውሮልኝ ወረደ፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ጮኸበት። በሩ ጋ ደርሶ፣ በትከሻ እኮ ነው፣ መጀመሪያ ብድግ አድርገህ ታችኛውን በጫማህ መታ ነው፣ እያለ ክንፉን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

ነጋዴው ንቅንቅ አላለም። "ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው። የታናሽየውን ክፍል የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ታናሽየው እኮ እኔ ነኝ!"

መንገድ ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ቆመ። ከሁለት ቀን በኋላ ቤቱን ለአፍራሽ ሊያስረክብ የመጣ ሰው፣ ከመነጽር ነጋዴ ጋር በሩን እኔ ልዝጋ ብሎ ሲጓተት አየን። ነጋዴው እጅ የሰጠው የቤቱ እመቤት ከላይ ሆነው "ተውለት ልጄ፣ ለዛሬ" ካሉት በኋላ ነው። ወንድምየው ትከሻውን አስጠጋ፣ ብድግ አደረገው፣ በጫማው ታች መታ። ያ ስንቱን እንግዳ ያስለቀሰ በር እንደ መጽሐፍ ሽፋን ከደን አለ። ሰውየው ወዲያው አልተመለሰም። መዳፉን እንጨቱ ላይ እንዳሳረፈ ትንሽ ቆየ። በዚህ መሐል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ገዢው ነው። "አሁን አይመቸኝም፣ በር እየዘጋሁ ነው" ብሎ አጠፋው። የተዘጋ በር ፊት ቆሞ።

ሲመለስ ክፍሌን ስጪኝ አላቸው እህቱን። "ተይዟል" አሉት። ሳሎን ሶፋው ላይ እንዲተኛ ተወሰነ።

እራት ቀረበ። የእኔ ሾርባ እንደ ወትሮው ቀድሞ ተቀዳ። ቀመስኩ፣ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፣ ጨው የለውም አልኩ፤ ከዚያም ትራሱን፣ መብራቱን፣ ሻዩን በየተራ አነሳሁ። ወንድምየው መብላቱን ትቶ ያየኝ ጀመር።

"እርስዎ የትኛው ክፍል ነው ያረፉት?"

በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው አልኩት። ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። "የአጎቴን ክፍል ሰጠሽው! እታለም፣ የአጎቴን!"

የአጎትየው ሥራ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ወንድምየው ወደ እህቱ በአገጩ ጠቆመ። ከዚያ እትዬ አደራ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"አጎቴ ይነጫነጭ ነበር" አሉኝ። "ገበታ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ እስኪነሳ። አባቴ የሚሠራውን የሚያሳምረው እሱን ፈርቶ ነበር። እሱ የሞተ ጊዜ ቤቱ ጭር አለብን። ማረፊያውን ከከፈትኩ ጀምሮ ያንን ክፍል የሚመጥን ሰው አጥቼ ነው ቆልፌ ያቆየሁት። ላንተ ሾርባውን ጨው ሳልነካካ የምቀዳልህ ለምን ይመስልሃል?"

ሰኞ መጣች፣ ሄደች፤ አልተፈረመም። የወንድምየው ልብ ተለውጧል ብዬ አልምልም፤ ነጋዴ ነው፣ ሲሚንቶ ነው የሚሸጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይመጣል። ክፍሉን አስቀድሞ በስልክ ያስይዛል። የመነጽር ነጋዴው ቀድሞት ከተገኘ ሁለቱ ይኳረፋሉ።

የእኔ ጣሪያ ከተጠገነ ቆይቷል። በሕይወቴ ስለማረር ያልጠላኝ ጎረቤት፣ ያልሸሸኝ ዘመድ የለም። ለምሬቴ ክፍል ከነቁልፉ ያዘጋጁልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ለምሳ እሄዳለሁ፤ ከበረንዳው ስጠራ ሮጬ ነው የምደርሰው።

ትናንትም ሄጄ ነበር። ሾርባው ጨው የለውም።