የሞላው ዲስክና የወይዘሮ ውባለም ማሳ

ሰው መርሳት ባይችል ኖሮ ማን ከማን ጋር ይኖር ነበር? ባልና ሚስቱ፣ ጎረቤቱ፣ አለቃና ምንዝሩ የተባባለውን ሁሉ ቃል በቃል ይዞ ቢቀመጥ፣ አገር አይበቃንም ነበር። እኔ ግን ፍኖተ ሰላም ላይ፣ የገጠር መሬት መዝገብ በሚያዝበት አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ምንም የማይረሳ ማሽን አሳድጌያለሁ። ያውም በፈቃዴ።

ኮምፒውተሩ አንድን ይዞታ ከመለወጡ በፊት የሚለውጠውን በአንድ ፋይል ይጽፋል፤ ሎግ ይባላል። ሎጉ በየጊዜው ሌላ ዲስክ ላይ እየተቀዳ መቀነስ አለበት። እኔ አልቀነስሁም። ለምን ብትሉ፣ ግምገማ ፈርቼ። «ይህን ማን ነካው?» የተባልሁ ዕለት ከነሰዓቱ አውጥቼ ላሳይ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጧት ወይዘሮ ውባለም ከቡሬ በኩል መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ የባላቸው ወንድም ደግሞ ማሳው የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ቀጠሯቸው ነገ ነው። መዝገቡ ላይ የሟች ስም ብቻ ተጽፎ የእሳቸው ተዘሏል፤ የቀበሌውን የማስተካከያ ደብዳቤ ይዘዋል። ስማቸውን ላስገባ ስል ማሽኑ እምቢ አለ። ሎጉ ዲስኩን ሞልቶት ለአንዲት ፊደል ቦታ ጠፋ።

«ያለ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ምንም አይጠፋም» አሉ ኃላፊዬ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሳምንቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሌላ ዲስክ ላይ እንዳልቀዳው፣ ባዶ ዲስክ ያለበትን መጋዘን ቁልፍ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በኪሱ ይዞ ሽንዲ ከተማ ለቅሶ ሄዷል።

«ኧረ ልጄ፣ ምን ቢይዝ ነው እንዲህ የሞላ?» አሉኝ ወይዘሮ ውባለም።

«ሰው ሁሉ የነካካውን ነው እናቴ። ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።»

«ለማን ብለህ?»

አፈርሁ። ለእሳቸው ብዬ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ኮሚቴ ሳልጠብቅ ሎጉን ቆርጬ ጣልሁት። የገበሬው መዝገብ አልተነካም፤ የሄደው የእኔ መከላከያ ነው። ስማቸውን አስገባሁ፣ አተምሁ፣ ማኅተም አስመታሁ። ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተቱና መርቀውኝ ሄዱ።

ተፈረደላቸው። በዚያው ክረምት ማሳቸው ላይ በቆሎ አስዘሩ።

እኔም የፈራሁት ግምገማ ላይ ቆምሁ፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ሎግ አጥፍተሃል ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ደብዳቤው በሦስት ቅጂ ተቀምጧል፤ እሱን የሚያስወግድ ኮሚቴ እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም።