ሩቅ የሚሄድ ጥይት ፍለጋ

ፒያሳ ውስጥ ስለማያውቀው ነገር ምክር የሚያጥረው ሰው ካያችሁ ንገሩኝ፤ በግ አርድለታለሁ። እኔ አላየሁም። ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት የትኛውን ሰዓት መግዛት እንዳለባችሁ ነው።

እኔ ወሬ አልወድም። ልጆቼ፣ አባታችን የሚናገረው የሞተ ሰው ሲኖር ብቻ ነው ይላሉ። ግን ዝም ያለ ሁሉ የተሸነፈ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ስል ዛሬ እናገራለሁ።

ነገሩ የጥይት ነው። መርሐቤቴ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ የማሽላ ማሳ አለኝ። ፈቃድ ያለው ምንሽር ጠመንጃም አለኝ፤ የአባቴ ነው። ጥይቱን ግን ራሴ ነኝ የምሞላው። ሲተኮስ የሚወድቀውን ባዶ ቀለህ አነሳለሁ፤ አጸዳለሁ፤ ባሩድ እሰፍርለታለሁ፤ እርሳስ አቅልጬ ራስ እሠራለታለሁ። አገሩ ሁሉ የያዘው ምንሽር ስለሆነ፣ አገሩ ሁሉ ቀለሁን ይዞ እኔ ደጅ ይመጣል። እኛ ዘንድ ጥይት እንደ እርሾ ነው። ያለቀበት ከጎረቤት ይበደራል፤ ሲሞላለት ይመልሳል። ዘመድ ሆነን የኖርነው በዚህ ነው። በሠርግና በለቅሶ ብቻማ ማን ዘመድ ይሆናል?

ዘንድሮ ማሽላው እሸት ሲይዝ አንድ ከርከሮ መጣብኝ። ማማው ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከገደሉ ማዶ ቁልቁለቱ ላይ ይቆማል። ተኮስኩ፤ አልወደቀም። ይሁን፣ ሰው ይስታል። ግን አልሸሸም! ከርከሮ እኮ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ጭራውን አቁሞ የሚፈረጥጥ ፍጥረት ነው። ይሄኛው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። በማግስቱም እዚያው ቆመ። ደግሜ ተኮስኩ። ቆሞ ያየኛል። በሰው መናቅ ለምጄዋለሁ፤ ግብር ከፍዬ አውቃለሁ። በከርከሮ መናቅን ግን ምን ትሉታላችሁ?

ይህን ለሰንበቴ ማኅበርተኞች ነገርኩ። መናገር አልነበረብኝም። አየለ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ምላሱ ከማጭዱ የሚቀድም።

"ጋሼ፣ ጥይትዎ ረግቧል" አለኝ። "ከርከሮው ጋር ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፍ እያለ ይሆናል።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ሰንበት በኋላ ቀለህ ይዞ ደጄ የመጣ ሰው የለም። ይሄ ሲደርስባችሁ ቀስ ብሎ ነው የሚገባችሁ። ውሻው ሲጮህ ብድግ ትላላችሁ፤ መንገደኛ ነው፤ አልፎ ይሄዳል።

ወሬው አዲስ አበባ ያለችው ልጄ አስካለ ጋ ደረሰ። ስልክ ደወለች። በቃ አባባ፣ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይስጡና እኔ ጋ ይምጡ አለች። ቀለህ የማይመጣለት፣ ማሳውን ሌላ የሚያርስለት ሰው ምን ይባላል? የቤት ዕቃ ይባላል። አቧራውን ያራግፉለታል እንጂ አያማክሩትም።

ስለዚህ መጣሁ። ለመኖር አይደለም! ሩቅ የሚሄድ ጥይት ከነጠመንጃው ልመርጥ ነው የመጣሁት። ለናሙና አንድ ቀለህ ኪሴ ከትቼ ነበር።

የአስካለ ባል ሰለሞን፣ የሚያውቁ ሰዎች አሉ ብሎ ፒያሳ ወዳለ አንድ ቡና ቤት ወሰደኝ፤ አስካለም አብራን መጣች። የሕንጻው በር ላይ ፍተሻ አለ። የጥበቃዋ ልጅ ኪሴን ዳብሳ ቀለሁን አወጣች።

"አባባ፣ ይሄ ጥይት ነው?"

"የጥይት ሬሳ ነው።"

"ሬሳ ይዞ መግባትማ ጭራሽ አይቻልም" አለችና ከአንድ ጃንጥላ አጠገብ አስቀመጠችው። "ሲወጡ ቀብሩን ያስፈጽማሉ።"

የአራዳ ልጅ እንዲህ ናት። ደስ አለችኝ፤ ግን አልነገርኳትም።

ባንኮኒው ጋ የቆሙት የሰለሞን ጓደኞች ማኪያቶ እየጠጡ ጥይት መረጡልኝ። ሰለሞን ስልኩን አውጥቶ ባለ ስድስት ተኩል የሚባለው ጥይት ነው የሚሻልዎት አለ። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ነፋስ አያዞረውም። አንዱ ራሰ በራ፣ ስድስት ተኩል የሚዳቋ ነው፤ ከርከሮ ባለ ሦስት መቶ የሚባለውን ይፈልጋል፣ ባሩዱ ብዙ ነው ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ ያ ትከሻ ይሰብራል፤ ሽማግሌ ልትገድል ነው ወይ? አለው። እንደ ኳስ ደጋፊ ተከፋፈሉ። ራሰ በራውን፣ አንተ ተኩሰህበታል? አልኩት። አልተኮስኩም፣ ግን እከታተላለሁ አለ።

"ከርከሮውም እንዳንተው ነው" አልኩት። "እሱም ሲተኮስ ይከታተላል።"

ከዚያ እኔም መናገር ያዝኩ። ጥይት እንደ በሬ ነው አልኳቸው። ቀንዱን አይተህ አትገዛም፤ መኖው ሰፈርህ መኖሩን ታያለህ። የስድስት ተኩል ቀለህ እኛ አገር ከየት ይለቀማል? ባሩዱ ሲያልቅብኝ ማን ያበድረኛል? ለአንድ ከርከሮ ብዬ ከአገሬ ጥይት ልለይ?

ግን ልንገራችሁ? አፌ ይህን ሲል፣ ልቤ ቀጭኑን ጥይት ወዶ ነበር። ንቀት ክፉ ነው። ያን ከርከሮ አንድ ጊዜ ለመጣል ስል ጎረቤት አልባ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ስወጣ ሬሳዬን ተቀበልኩና ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። መንገድ ይጠፋብዎታል ብላ አስካለ ተከተለችኝ። እዚያ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው አለ፤ ቁልፍና ምድጃ ይጠግናል። እርሳስ የማፈስበትን ቅርጽ ድሮ የሠራልኝ እሱ ነው። ቀለሁን አገላብጦ አየው፤ አፉን በጥፍሩ ዞረው፤ አሸተተው።

"ይሄ ምን ሆነና ነው የምትለውጠው?" አለኝ።

"አይደርስልኝም።"

"ከርከሮው ምን ያህል ይርቃል?"

"ከዚህ እስከዚያ ዳገት አናት።"

"እስቲ ዳገቱ አናት ላይ ምን ይታይሃል?"

አየሁ። "አህያ። ጭነት ያለው አህያ።"

ሰይድ እስኪያስለው ሳቀ። "ወላሂ ሰው ነው! ፍራሽ የተሸከመ ሰው ነው!"

"ፍራሽ ተሸክሞ ያን ዳገት የሚወጣን አህያ ብል ምኑ ላይ ነው ስህተቴ?"

አስካለ ግን አልሳቀችም። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው አባባ፣ መነጽር ያስፈልግዎታል አለችኝ። ለገዛ አባቷ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው፤ እነዚህ ደግሞ ከርከሮውን ፈርተው ዓይኔን ያዙ። መነጽር የጸሐፊ ነው አልኩ። እንደ አባቷ ግትር ናት። እንግዲያው እንወራረድ አለች። መነጽሩን አድርገው ይሂዱ፤ በዚህ ወር ያ ከርከሮ ከወደቀ ስለ መምጣትዎ ዳግም አላነሳም፤ ካልወደቀ ይመጣሉ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

መነጽሩን ያደረግሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት የአስካለን ሽበት ነው። ልጄ ሸብታለች። ማንም አልነገረኝም። እሱን ትተን ወደ ነገራችን እንመለስ።

አገሬ ገባሁ። የድሮውን ምንሽር በድሮው ጥይት አጉርሼ ማማው ላይ ወጣሁ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከርከሮዬ መጣ። መነጽሬን አደረግሁ።

ጉቶ ነው።

አምና የተቆረጠ የወይራ ጉቶ። ሁለት ቅርንጫፍ እንደ ክራንቻ ወደ ላይ ቀርቶለታል። ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ብቻ ነው ነፍስ የሚዘራው።

በማግስቱ መጥረቢያ ይዤ ገደሉን ዞሬ ወጣሁ። ቀርቤ ሳየው ደግሞ፣ ጥይቶቼ በሙሉ እዚያ ናቸው። አንድም አልሳተ፣ አንድም አልረገበ። ሁሉም ተጠጋግተው አንድ ቦታ ገብተዋል።

አሁን ፍረዱኝ። ጥይቴ ጥሩ መሆኑን ለማሳየት፣ በጉቶ ላይ ስተኩስ መክረሜን ማሳየት አለብኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ ጥይቴ እንደረገበ ይቀራል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

እኔ መጥረቢያውን አነሳሁ። ከዚያ ለአስካለ ደወልኩ።

"ወደቀ" አልኳት።

"እውነት አባባ? በስንተኛው?"

"ስወድቅ ቁጠርልኝ አላለኝም" ብዬ ዘጋሁት። ዋሸሁ? ወድቋል እኮ!

ለሰንበቴው ጉቶውን በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ተቀምጧል። አየለ እግር ሥር ጣልኩለት።

"መዳፍህን ዘርጋበት" አልኩት።

ዘረጋ። ቀዳዳው ሁሉ ከመዳፉ ሥር ጠፋ። በመነጽሬ አየኋቸው፤ አንዳንዱ ኪሱን ይዳብሳል፤ ቀለህ ፍለጋ ነው። አየለ ግን የጉቶውን ክራንቻ ያዝ አድርጎ ቀና አለ። ከንፈሩ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"ጋሼ" አለ፣ "ይሄ እኮ ጉቶ ነው!"

"ጉቶ ነው" አልኩት። "ግን ንገረኝ፤ መተኮስ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ቀን ማሳዬ ገብቶ ያውቃል?"