የጥሪ ማሳመሪያዬና የሄኖክ ሽምግልና

«የዘፈን ምርጫ አለኝ» የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። እኔን ጨምሮ። ሰው ያለው ሁለት ዝርዝር ነው፤ አንዱ ለሰው የሚነግረው፣ ሌላው ቤቱን ዘግቶ ልብስ ሲያጣጥፍ የሚያንጎራጉረው። አንተ አሁን ይህን እያነበብክ «እኔ እንኳ እንደዛ አይደለሁም» ያልከው ወንድሜ፣ እስቲ ስልክህን ለሚስትህ ስጣትና በዚህ ሳምንት ደጋግመህ የሰማኸውን ጮክ ብላ ታንብብልን... ዝም አልክ አይደል? እንግዲያው ተግባብተናል።

ለሰው የምነግረውን ዝርዝሬን እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚህ ዓምድ ላይ ስንት ጊዜ አሰልችቻችኋለሁ። መግቢያው ብቻ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሳክስፎኑ ተንጎራዶ ተንጎራዶ ከጨረሰ በኋላ ዘፋኙ በስንት ልመና የሚገባበትን የድሮ ዘፈን እወዳለሁ። ክራር ብቻውን ሲመታ እወዳለሁ። የማልወደው ደግሞ ዘፋኙ ገና ሳይጀምር የራሱን ስም፣ የአቀናባሪውን ስም፣ የሰፈሩን ልጆች ስም የሚጠራበትን ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ዘፈኑም አብሮ ያልቃል። ለየአካባቢው አንድ አንድ ስንኝ አከፋፍሎ ሁሉንም ሊያስደስት የሚሮጠውንም አልወድም፤ ትከሻዬ መሐል ላይ ግራ ይገባዋል።

ከሁሉ ከሁሉ የምጠላው ግን «ቬንትሌተሩን» ነው። ዘንድሮ ከሙቀቱ ጋር አብሮ የመጣ ዘፈን ነው። ሐዋሳ ውስጥ እሱን ያልሰማ ሰው ካለ ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው። ስፒከሩን ከወንበሩ ሥር ስለሚገጥሙት ዘፈኑን የምትሰማው በጆሮህ ሳይሆን በኩላሊትህ ነው። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ሞቆኛል ውዴ፣ ልምጣ ወይ ሰፈር፤
ወገብሽን አዙሪው እንደ ቬንትሌተር።

በቃ። ሌላ የለውም። ይቺው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሃያ አራት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ቆጥሬአለሁ። «ከጠላኸው ምን አስቆጠረህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ለጊዜው ዝም በሉኝና ወጉ ይቀጥል።

ታናሽ ወንድሜ ሄኖክ ሊያገባ ነው። ማለቴ፣ ከሰጡት ሊያገባ ነው። የመረጣት ልጅ ምሕረት ትባላለች፤ የተዋወቁትም በአጥቢያቸው መዘምራን ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ሲዘምሩ ነው። እኔ እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰዓቴን የማይ ሰው ስሆን እሱ ግን እውነተኛ አማኝ ነው። አባቷ አቶ ዳንጊሶ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ናቸው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ግቢያቸው ውስጥ ዘፈን የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም አሉ። ከዚህ በፊት ለምሕረት ሽማግሌ የላከ አንድ ልጅ፣ ከላካቸው ሰዎች አንዱ ማስቲካ እያኘከ ስለገባ ብቻ ተመልሷል።

ወላጆቻችን በሕይወት ስለሌሉ የሄኖክ አባትም እናትም እኔ ነኝ። አቶ ዳንጊሶም «ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ታላቅ ወንድሙን በስልክ ላነጋግረው፤ እኔ ሰውን በድምፁ አውቀዋለሁ» ብለው ላኩ።

ሄኖክ ከፊቴ ቆሞ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ጋሽዬ፣ በናትህ፣ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ዘፈን አትጻፍ። ስለ ዘፈን አታውራ። እኔ ለምሕረት የነገርኳት "ወንድሜ የሚሰማው ረጋ ያለ የመሣሪያ ዜማ ብቻ ነው" ብዬ ነው።»

«እውነትህን ነው» አልኩት። እኔም አምኜው ነበር።

በዚያው ሳምንት ሰዎች እንግዳ ሆኑብኝ። ሰኞ አለቃዬ ደወሉ፤ «አቶ መላኩ... ሥራ ላይ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። ቢሮዬ ነኝ ስላቸው «እሺ፣ ብቻ ብዙ አይሙቅዎት» ብለው ዘጉት። ማክሰኞ የዲላዋ አክስቴ እትዬ ዘነበች ደወሉ።

«ልጄ፣ ሰናይት ደህና ናት? አልተጣላችሁም?»

«ኧረ ደህና ነን እትዬ። ምነው?»

«አይ... ሰው ሲከፋው አንዳንድ ነገር ያበዛል ብዬ ነው።»

እኔ ምን ይግባኝ? ዕድሜ ነው አልኩና አለፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መሃል ከተማ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ስክሪኑ ላይ የወጣው እኔው ራሴ የመዘገብኩት ስም ነው፤ «አቶ ዳንጊሶ (ተጠንቀቅ)»። አሁን እዚህ ላይ ያደረግኩትን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ቶሎ የሚያነሳ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፣ ቤተሰቡም ልጁን ለመዳር የቸኮለ ይመስላል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አላነሳሁም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ወዲያው ደግመው ደወሉ። ያን ጊዜ ተነስቼ ኮቴን ለበስኩ፣ ቁልፉን ቆለፍኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሁለተኛውም እስከ ጥግ ጠርቶ ቆመ። በሦስተኛው፣ ክብሬ በደንብ ከተጠበቀ በኋላ፣ አነሳሁት።

«ሃሎ፣ አቶ መላኩ ነዎት?»

«ነኝ አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ «አነሱት» አሉ።

«አዎ፣ አነሳሁት።»

«ማንሳት... ጥሩ ነው።» ድምፃቸው ቅር ያለው ይመስላል። «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጡ። ፊት ለፊት የምጠይቅዎት ነገር አለ።»

ዓርብ ስልኬን ቤት ረስቼ ሥራ ውዬ፣ ማታ ስመለስ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ሁልጊዜ እንደምናደርገው ባለቤቴ ሰናይት በራሷ ስልክ ደወለችልኝ፤ እኔ ድምፁን ተከትዬ የሶፋውን ትራስ ሁሉ እገለብጣለሁ። ስልኬን አግኝቼ ቀና ስል ሰናይት ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋን እየጠረገች ነው። የደነገጠች መስሎኝ ሮጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። መናገር ስላቃታት ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠችኝ።

«...ወገብሽን አዙሪው እንደ ቬንትሌተር...»

የጥሪ ማሳመሪያ የሚሉት ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የደወለልህ ሁሉ ይሰማዋል፤ አንተ ብቻ አትሰማውም። አለቃዬ ሰምተዋል። አክስቴ ሰምተዋል። አቶ ዳንጊሶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሰምተዋል፤ ያውም በእኔ ክብር ምክንያት።

እንዴት ሊገባ ቻለ? አስቤ አስቤ ደረስኩበት። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ባልደረባዬ ለታሪኩ ደውዬ ነበር። የታሪኩ ማሳመሪያ ቬንትሌተሩ ነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ሴት በትሕትና «ይህን ዜማ ለመውሰድ ኮከብን ይጫኑ» ትላለች። እኔ አልተጫንኩም። የተጫነው ጉንጬ ነው። ጉንጬ ሰፊ ነው፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና «ከአባትህ የወረስከው ብቸኛ ርስት» ትለው ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክትም ደርሶኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ በቀን አሥር ጊዜ እንኳን ደስ አለዎት ስለምባል ሳላነበው አጥፍቼዋለሁ።

ስልኬን ሳየው የባሰ ጉድ ጠበቀኝ። «ያልተመለሱ ጥሪዎች፦ አቶ ዳንጊሶ (ተጠንቀቅ)፣ አምስት።» ዓርብ ብቻ አምስት።

ሄኖክን ጠራሁት፤ በባጃጅ በአሥር ደቂቃ ደረሰ። ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ላይ ደም የሚባል አልቀረም።

«ሐሙስ ሁለቱን ጊዜ ለምን አላነሳህም ጋሽዬ?»

«ለክብር ብዬ።»

«የማንን ክብር?»

 ልጁ ሦስት ዓመት የጠበቃት፣ ስሟን ሲጠራ እንኳ ድምፁ የሚለሰልስላት ልጅ በእኔ ጉንጭ ምክንያት ልታመልጠው ነው።  «መልሰህ ደውልላቸው» አለኝ። ደወልኩ።

«ደውለውልኝ ነበር አባቴ?»

«ምንም አይደለም» አሉኝ፣ «እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

«እንዲሁ?» አለ ሄኖክ ከዘጋሁ በኋላ። «ሰው አምስት ጊዜ እንዲሁ ይደውላል? ሊሰርዙት ነው።» ስልኬን ተቀበለኝና ቬንትሌተሩን አጥፍቶ በምትኩ የዋሽንት ዜማ አስገባልኝ። እጅግ ጨዋ ዋሽንት ነው። የደወለልህ ሰው ለቅሶ ሊደርስህ የደወለ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከጎረቤታችን ከጋሽ ኃይሉና ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር አቶ ዳንጊሶ ግቢ ደረስን። ሄኖክ በር ላይ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ቀረ። እኛ ገብተን እንደ ደንቡ ቆምን፤ ሽማግሌ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥም። አቶ ዳንጊሶ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች አጠገባቸው ተቀምጠው ጠበቁን። ጋሽ ኃይሉ ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረውን ንግግር ሊጀምር አፉን ሲከፍት አቶ ዳንጊሶ እጃቸውን አነሱ።

«መጀመሪያ የስልኩን ነገር እንጨርስ።»

 የምዋሸው ሁሉ በአንደበቴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስልኩ የሌላ ሰው ነው፣ ተሰርቆብኝ ነበር፣ ምን የማይባል አለ? ግን የሄኖክ ፊት መጣብኝና እውነቱን ተናገርኩ። ለታሪኩ መደወሌን ነገርኳቸው፣ ኮከቡን ነገርኳቸው፣ ጉንጬን ነገርኳቸው።

«በጉንጭ?» አሉ አቶ ዳንጊሶ።

ወይዘሮ አማረች ጉንጬን ከግራም ከቀኝም አዩት። «ይችላል» አሉ በእርጋታ።

አቶ ዳንጊሶ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ቁጥሬን ነኩና ድምፁን ለሁሉም ከፍ አደረጉት። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። እጄን ስሰድ «አይንኩት» አሉኝ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ዋሽንቱ ገባ፤ ቀስ ብሎ፣ አንጀት እየበላ።

የአቶ ዳንጊሶ ፊት ጥቁር አለ። «ይሄ ምንድነው?»

«ዋሽንት ነው አባቴ። ትናንት ማታ አስቀየርኩት።»

«ሰው ሞቶባችኋል?»

«ኧረ የለም።»

«ያኛውስ?»

«አጠፋነው። ስላሳዘንንዎት ይቅርታ...»

«የምሕረት አባት» አሉ ወይዘሮ አማረች መሬት መሬት እያዩ፣ «ሰዎቹን አታስጨንቃቸው። ንገራቸው።»

አቶ ዳንጊሶ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «እኔ» አሉ፣ «ዘፈን አልሰማም። እዚህ ቤት ውስጥ ዘፈን አልገባም፣ አይገባምም። ይሄ የታወቀ ነው።»

«የታወቀ ነው» አልን ሦስታችንም።

«ስልክ ግን እደውላለሁ። ስልክ መደወል ዘፈን መስማት አይደለም።»

ጋሽ ኃይሉ ጥቂት አሰበበት። «አይደለም» አለ።

«ሰው እስኪያነሳ መጠበቅ ደግሞ ትዕግሥት ነው።»

«ነው እንጂ።»

«ሐሙስ ሁለት ጊዜ በትዕግሥት ጠበቅሁ። በሦስተኛው መሐል ላይ ተነሳብኝ። ዓርብ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አምስቱንም አልተነሳም።» ወይዘሮ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ ዳንጊሶ ወደ እኔ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ። «ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንተ ግን ያንን ነገር መልሰው።»

ወጥቼ ለሄኖክ ስነግረው የአቮካዶውን ግንድ ይዞ ቆየ። ከዚያ ያ የመዘምራን አባል፣ ያ ስለ ዘፈን አታውራ ያለኝ ወንድሜ፣ ስልኬን ነጥቆኝ በገዛ እጁ ቬንትሌተሩን መልሶ አስገባ። እንዲህ ቸኩሎ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

ሠርጉ ካለፈ ይኸው ሦስት ወር ሆነ፤ ሙሽሮቹ ደህና ናቸው። እኔ ግን የሳክስፎንና የክራር ጠበቃው መላኩ፣ ለሐዋሳ ሕዝብ ወገብ አዙሩ እያልኩ እኖራለሁ። አለቃዬ ስብሰባ ሲኖር በጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው የሚጠሩኝ። እትዬ ዘነበች ዲላ ላይ ጸሎት አስይዘውልኛል። ሄኖክም ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቶኛል፤ አማቱ ከደወሉ እንዳላነሳ። እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ ስልኬ ይጠራል፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ከሰናይት ጋር ቁጭ ብለን ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን።

ትናንት ግን እጄ ቀደመኝና አነሳሁት።

«ሃሎ» አልኩ።

 አቶ ዳንጊሶ በታላቅ ትሕትና «ይቅርታ ልጄ» አሉኝ፣ «ዝጋውና እንደገና ልደውል።»