በገጽ ሰባት ላይ ስለተገኘው ክብ

እኔ ጸሐፊው ኤቫዚዮ ጋቬሎ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። የወይን ተክሌን ራሴ እከረክማለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ በመዘምራኑም መካከል ወፍራሙን ድምፅ እይዛለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ አልነበብ ያለው መነጽሩን ይጥረግ።

ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 11 ሰዓት።
ቦታ፦ ሮካቬርዴ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ።
የተገኙ፦ ወ/ሮ ኦርኔላ ቡሲ (ሰብሳቢና የመዘምራን መሪ)፣ ወ/ሮ ፓልሚራ ዴጆርጂስ (ቀጭን ድምፅ)፣ አቶ ፒዬሪኖ ስካልዮቲ (ሥጋ ሻጭ) እና ጸሐፊው።
ያልተገኙ፦ ቄሱ፤ ቀብር አለባቸው። ከአምስት አራት ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ እሑድ ስለሚቀርበው የአቶ አልቪዜ ሞራንዶቲ ድርሰት።
ሰብሳቢዋ የዜማው ድርሰት በሥዕል ብቻ የተጻፈ እንጂ ቃልም ኖታም እንደሌለው፣ መስመር ሲመጣ እንደሚጮኽ፣ ነጥብ ሲመጣ በምላስ ጠቅ እንደሚደረግ፣ ማዕበል ሲመጣ እንደሚሳቅ አስታወሱ። አቶ ፒዬሪኖ "ሱቅ ውስጥ ሳቅ ስለማመድ ደንበኞቼ ሥጋውን ተጠራጠሩት" አሉ። ተመዘገበ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ገጽ ሰባት።
እዚያ ገጽ ላይ ያለው ትልቅ ክብ የአሥራ ሁለት ሰከንድ "ኦ" ተብሎ ለጸሐፊው ለብቻው ተሰጥቷል። በመዘምራኑ መካከል በቆመበት ሃምሳ አራት ዓመት ውስጥ ለብቻው የሚዘምረው ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰብሳቢዋ ደራሲው ጠዋት ደውለው "እዚያ ገጽ ላይ ዝምታ ነው፤ ምን ዓይነት ክብ?" ማለታቸውን አሳወቁ። ዋናው ወረቀት ሲወጣ ክቡ ቀይ ሆኖ ተገኘ። ወ/ሮ ፓልሚራ አሽትተው "ባርቤራ ወይን ነው፣ የአምናው" አሉ። ወረቀቱ ፎቶኮፒ ሳይደረግ በፊት ጸሐፊው ቤት ማደሩም ተነሣ።
አቶ ፒዬሪኖ "ጋሽ ኤቫዚዮ፣ ሦስት ወር ሙሉ የወይን ብርጭቆ ቂጥ ያተመውን ነው ሲዘምሩልን የከረሙት?" ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው "ዝም በል፣ አንተ ቋሊማ!" ማለቱን ጸሐፊው መዝግቧል። ወ/ሮ ፓልሚራ ዝምታውን እኔ ልምራው ሲሉ፣ ጸሐፊው "አንቺን ብሎ ዝምተኛ! እንቁላል የጣለች ዶሮ ትሻላለች" አለ። ወይዘሮዋ ኮታቸውን ለበሱ። ቆይተው አወለቁ።
ከረጅም ውይይት በኋላ ክቡ እንዲሰረዝ፣ ጸሐፊውም ገጽ እንዲገልጥ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ተቃዋሚው እጁን አላወርድም ስላለ ይህ የተጻፈው በግራ እጅ ነው።

አጀንዳ 3፦ ዝምታውን ስለመለማመድ።
በመጀመሪያው ሙከራ አቶ ፒዬሪኖ ሳቁ። በሁለተኛው የወ/ሮ ፓልሚራ ሆድ ጮኸ። ሦስተኛው ተሳካ፤ ማንም ግን ደስ አላለውም። አቶ ፒዬሪኖ "ኧረ በርድ በርድ አለኝ፤ ሽማግሌውን ዘምር በሉት!" አሉ። ለደራሲው ተደወለ። ጸሐፊው ተነሥቶ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ አሥራ ሁለቱን ሰከንድ በስልኩ ውስጥ ዘመረ። ደራሲው "ይቆይ። ሌላስ ገጽ ላይ ያፈሰሳችሁት አለ?" አሉ።

ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ ስብሰባው 12፡40 ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊው ልጆቹን ሳያስቸግር ራሱ የሚከፍለው ዕዳ፦ ለወ/ሮ ፓልሚራ ሙሉ ይቅርታ። ለአቶ ፒዬሪኖ ግማሽ። ለአቶ ሞራንዶቲ አንድ ንጹሕ ወረቀት። ለሟች ባለቤቴ ለኤርሲሊያ፣ ብቻዋን በዘመረች ቁጥር ከኋላዋ ቆሜ "ጎበዝ" ብያት ስለማላውቅ፣ እሑድ ጠዋት መቃብሯ ድረስ ሄጄ እነግራታለሁ። ጮክ ብዬ።