ግልባጭ ለክፍሉ አዛዥ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን የማመልከቻ ጸሐፊ ጎረቤት አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ምስኪኑ በምን ይበላል ብለው ተረቱን ትንሽ ያለዝቡት ነበር። እኔ ጅማ መርካቶ፣ ከእህል ተራው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ አሁን ደግሞ ፊደል በምትውጥ ኮምፒውተር። እናንተም ብትመጡ እጽፍላችኋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። በአገራችን አቤት ማለት የሚከብደው አቤት የሚባልበት በር ጠፍቶ አይደለም፤ በሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ያው የተከሰሰው ሰው ስለሆነ ነው።

ሃምሳ አለቃ ከድር የመጣው በክረምት መግቢያ ላይ ነበር። የዚሁ ከተማ፣ የመንደራ ቆጪ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጦር ካምፕ ያገለግላል። የትኛው ካምፕ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል። ዕቃ ሲገባ መርምረው ከሚረከቡት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን የገባው ጫማ ዝናብ ሲነካው ሶሉ ከቆዳው ይላቀቃል። ሦስቱም ግን «ጥራቱን የጠበቀ» ብለው እንዲፈርሙ ታዘዙ፤ ፈረሙም። ጫማው አፉን ሲከፍት ወታደሩ አፉን ዘግቶ ጭቃውን ያቦካል።

ካምፑ የጥቆማ ሣጥን የለውም እንዳትሉ። አለው። ቁልፉ ያለው አዛዡ ቢሮ ነው። አንድ ወታደር ስለ ምግብ ጽፎ ቢያስገባ በእጅ ጽሕፈቱ ታወቀና በሳምንቱ ሰው ወደማይደርስበት ጥበቃ ተላከ። አሁን ግን ከሠራዊቱ ውጭ የሆነ፣ ስም ሳይጠይቅ ጥቆማ የሚቀበል አጣሪ ተቋቁሟል ሲባል ከድር ሰምቷል።

«ጋሼ ታዬ፣ ወላሂ ስሜ ከወጣ እኔም እዚያው ጥበቃ ነው የምላከው» አለኝ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ አንድ ወር ቀርቷታል። አይዞህ አልኩት። ፖስታ ቤት እንኳ እንዳትታይ እኔው ራሴ እልክልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ከዚያ ጻፍኩ። የሠላሳ ዓመት ሙያዬን ያፈሰስኩበት ደብዳቤ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ይህ እጄ ከታች በስተግራ «ግልባጭ» ብሎ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሁሉ ሳይደረድር አያርፍም። የኛ ሰው ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ራቁቱን የወጣ ይመስለዋል። ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከተው ደግሞ ማን ነው? ለክፍሉ አዛዥ! አተምኩ፣ አሸግኩ፣ ሁለቱንም ላክኩ። እርካታዬን ብታዩት።

በሳምንቱ ከድር ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። አዛዡ ደብዳቤውን ሰልፍ ላይ፣ ግልባጩን እንኳ ሳይዘል ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር ሰልፉን በትኗል። ስም ባይኖርበትም ስለ ፊርማው የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እጄን በአፌ ጫንኩ። ልጁ ሳይሰድበኝ መሄዱ ከስድብ በላይ አመመኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ጃንጥላውን እስከ አፍንጫው አውርዶ ከባጃጅ ወረደ። ገብቶ በሩን ዘጋ። የካምፑ አዛዥ፣ ሻለቃው ራሱ ነበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና እርስዎ ነዎት የጻፉት አለኝ። መካድ አያዋጣም፤ በጅማ ምድር ማመልከቻ «በታላቅ ትሕትናና በእንባ» ብሎ የሚጀምር ከኔ በቀር የለም።

«መጻፉን ጽፌያለሁ» አልኩ። «ማን እንዳጻፈኝ ግን ቢያስሩኝም አልናገርም።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም፣ አባቴ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ለእኔም አንድ ይጻፉልኝ። ስሜ ግን እንዳይገባ።»

ለካስ ጫማውን ተረከቡ ብሎ እሱንና ሌሎች አዛዦችን ያስገደደ የበላይ አለ። ደብዳቤውን ሰልፍ ላይ ያነበበውም ማንም ደብቆ እንዳያስቀረው ነበር። የሚፈራው ወታደሩ ብቻ መስሎኝ የኖርኩ ሰውዬ፣ ለካ ፍርሃት ማዕረግ አይመርጥም! ጻፍኩለት። በዚህኛው እጄን አስሬ ግልባጭ ሳልል አሸግኩ።

አጣሪዎቹ መጡ። ማን ጻፈ ብለው አልጠየቁም፤ ጫማውን ባልዲ ውስጥ ነክረው ጠበቁት። ያ ሁሉ ጫማ ተመለሰ፣ ደህናው መጣ፣ የሣጥኑንም ቁልፍ ይዘውት ሄዱ። ከድርን የነካው የለም፤ ሴት ልጁን በገዛ እጁ ታቅፏል። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ሰሞን በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ ከድር «ገለቶማ፣ ጋሼ» ሊለኝ መጥቶ እንደተቀመጠ፣ ሻለቃውም ለዚያው ምስጋና ብቅ አለ። ከድር ተስፈንጥሮ ተነሣና ሰላምታ ሰጠ። የሁለቱም ፊት ባንዴ ነጣ። አንዱ ሌላውን እየፈራ በአንድ ካምፕ የሚውሉ ሁለት ደፋሮች መሐል ቆሜ እውነቱን ላፈርጠው ምላሴን በላኝ፤ ቃል ግን ቃል ነው።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለ ሻለቃው።

«የቤት ካርታ ማመልከቻ ላጽፍ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔም ለካርታ ነው» አለ ሻለቃው፣ ወንበር እየሳበ።

ተራቸውን ጠብቀው ተቀመጡ፤ እኔም ለሁለቱም በታላቅ ትሕትናና በእንባ ጻፍኩላቸው። ሁለቱም ቤት የላቸውም።