የፌዝ ችግርና የእማማ ፋጡማ ወተት

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ይጨንቀኛል። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ እያስተማርኩ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ርዕስ ፈረንጆቹ «ፌዝ» የሚሉት ችግር ነበር። እስቲ ይኼን ለእናት በስልክ አስረዱ። ደሴ ያለችው እናቴ፣ እዚያ ሐሩር ውስጥ የተቀመጥከው ለፌዝ ነው እንዴ ብላ አዘነችብኝ።

ነገሩስ የምር ነው። ጎረቤቴ እማማ ፋጡማ ከግመሎቻቸው ወተት ሰጡኝ። ከወተቱ አንድ ፕሮቲን ለየንና ውጭ አገር ላክነው። እዚያ ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ መቱት፤ የላኩልኝ ውጤት ነጠብጣብ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ነጠብጣብ ድምቀት ይለካል። ጨረሩ ግን እንደ ማዕበል ነው፤ የቱ ቀድሞ፣ የቱ ዘግይቶ እንደደረሰ ነጠብጣቡ አይናገርም። ያ ሳይታወቅ የፕሮቲኑ ቅርጽ አይወጣም። ፌዝ የሚባለው ይኸው ነው።

አንዱ መላ፣ ቅርጹ የታወቀ ዘመድ ፕሮቲን መፈለግ ነው። እሱን በኮምፒውተር እያዟዟሩ ከነጠብጣቡ ጋር እስኪገጥም መሞከር። እኔ የላም ወተቱን ፕሮቲን ወሰድኩ። ስምንት ወር አዟዟርኩት፤ እምቢ አለ። አማካሪዬም ትምህርት እስኪዘጋ ካልተሳካልህ ርዕስ ቀይር አሉኝ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ውሃ ሊበላው ነው። ምን ልበላችሁ፣ ያለ ምክንያት ተማሪ ላይ መጮህ ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ሎጊያ ወረድኩ። ያክስቴ ልጅ ተስፋዬ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ተሳቢ ያለው መኪና ይነዳል። ምሳ እየበላን ብሶቴን አወራሁለት። የሚሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። ጎርሶ ሲጨርስ ግን ጠየቀኝ።

«ይኼ የላሟ ነገር ወጥ ነው ወይስ መታጠፊያ አለው?»

«ሁለት ክፍል ነው። መሐሉ ላይ ይታጠፋል።»

«የግመሏ በሌላ በኩል ቢታጠፍስ? ለምን እንደ ተሳቢ ፈተህ ለየብቻ አታስገባውም?»

እንጀራው በእጄ ቀረ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ሁለቱን እንደተቆላለፉ ነበር የማዟዙራቸው። ሰመራ ተመልሼ ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ክፍል ሰኞ ገጠመ፤ ሁለተኛው ማክሰኞ። ቅርጹ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ፣ አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ።

ሥዕሉን በስልኬ ይዤ እማማ ፋጡማ ዘንድ ሮጥኩ። ትክ ብለው አዩት። ይኼ ሁሉ ጥምጥም ወተቴ ውስጥ ነበር ወይ፣ ቢጠለልስ ይወጣል ወይ ብለው ተጨነቁ። አይወጣም፣ ጥሩ ነገር ነው አልኳቸው። ደስ አላቸውና በትልቅ ጣሳ ቀዱልኝ።

«መቼም ሁለት ዓመት ስታጠናው ቀምሰኸዋል።»

ቀምሼው አላውቅም። ይኼን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሁለት ጣሳ ጠጣሁ።

በማግስቱ መምህራን በተሰበሰቡበት ውጤቱን አቀረብኩ። «የግመል ወተት ለሆድ እጅግ የሚስማማ እንደሆነ ይታወቃል» የሚለውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ይቅርታ ጠየቅሁና ወጣሁ። የቀረውን አማካሪዬ አነበቡልኝ።