አናውቅም የምትለዋ ዶክተር

ተመራማሪ የሚባለውን ፍጡር ያልገጠመው ሰው የለም፤ ካለም ዕድሜ ይስጠው እንጂ ይገጥመዋል። አንድ ጥያቄ ይዛችሁለት ትሄዳላችሁ፣ ሦስት ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። ሻይ ስትጋብዙት ስኳሩ ሲሟሟ ያያል እንጂ አይጠጣም። ደህና አደርክ ብትሉት «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ሊላችሁ ይቃጣዋል።

ለከተማችን ለሶዶም ድርሻዋ ደርሷታል። ክብርት ዶክተር ኤልሻዳይ አምባቸው፣ የስፖንጅና የሽቦ እመቤት፣ «እሱን ገና አናውቅም» የሚለው ንግግር ብቸኛ ባለመብት፣ የሰፈራችን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አገር አቋርጣ ተምራ መጣችና ዛሬ ዳሞታ ተራራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ጭንቅላት በጨው ውሃ በራሰ ስፖንጅ ታስራለች። ከስፖንጁ የሚወጣው ሽቦ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከሣጥኗ ደካማ ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ሕመምተኛው ያን ጊዜ በሰነፈ እጁ ቦሎቄ ከትሪ እየለቀመ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ለቤታችን ያጣነውን መብራት ለጭንቅላታችን አገኘን» ብሎ ሰፈሩ ሳቀ። ከሁሉ የባሰው ግን አባቷ አምባቸው ነው።

«እኔ ጨርቁ ይለቃል ወይ ሲሉኝ አይለቅም እላለሁ» አላት ሱቁ ደጃፍ፣ እኔ እየሰማሁ። «አንቺ ያድናል ወይ ሲሉሽ አናውቅም! በዚህ አፍሽ ማን ይገዛሻል?»

«አባዬ፣ እኔ አልሸጥም።»

«እሱማ ያስታውቃል!»

እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ባለቤቴን ፈጠነችን ስትሮክ እስኪመታት። ቀኝ እጇ እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። አጎርሳት ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብላ ጎረሰች። አንድ ቀን ግን አፏን ገጥማ ፊቷን አዞረችና «በገዛ እጄ ካልበላሁ አልበላም» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱም አፏን አልከፈተችም።

ወሰድኳት። ዶክተራችን ስፖንጇን እየነከረች አስረዳችን።

«አባባ፣ ዕጣ ነው። ለአንዳንዱ ኤሌክትሪኩ በትክክል ይሄዳል። ለሌላው ሣጥኗ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋ ዝም ትላለች። ለማን የትኛው እንደደረሰ ጥናቱ እስኪያልቅ እኔም አላውቅም። ሲያልቅ ለሁሉም እነግራለሁ። ማስመሰያው የደረሰው ሰው ከፈለገ እውነተኛውን ያገኛል።»

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ የተማርሽው ላለማወቅ ነው?»

«አዎ፤ ከባዱ እሱ ነው» አለችኝ። ፈገግ እንኳ አላለችም።

ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ የማይቀረው ክርክር ታዲያ ዕጣው የወጣው ለማን ነው የሚል ነበር። እጁን ሊታከም ከተበላ ከተማ በሚኒባስ የሚመላለሰው አቶ ወልደሰንበት ጥርጣሬ የለውም። «የኔ እውነተኛው ነው። ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ!»

«የትኛው ጥርስህ?» አለችው ፈጠነች።

ከስትሮኩ ወዲህ ስትቀልድ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። ከዚያም አንድ ጠዋት የሞተው አውራ ጣቷ አንዲት ቦሎቄ ላይ ተጠጋ፤ ጫን አላት፣ አነሳት፣ ጣሳው ውስጥ ጣላት። ጠብታ ውሃ ቆርቆሮ ላይ ስትወድቅ የምታሰማውን ያህል ድምፅ ነበራት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰባኪ ሆኜ ስለ ሥጋና ነፍስ አስተምሬአለሁ፤ ፈቃድ የሚባለው ነገር በየት በኩል አልፎ ጣት እንደሚሆን ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ለማን እንዳወለቅኩ አልጠየቅሁም።

ሰፈሩ ሣጥኗን ማመስገን ጀመረ። ዶክተራችን «ገና ነው» አለች። አምባቸው «አዎ በያቸው እንጂ!» ብሎ ለመናት።

ጥናቱ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጥታ የግቢያችን በር ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ውጤቱ ተከፈተ። ለእማማ የደረሳቸው ማስመሰያው ነው።»

መሐል በሩ ላይ ቆምኩ። «አትነግሪያትም» አልኳት።

«ልነግራቸው ነው የመጣሁት።»

«ይቺ ሴት ሣጥንሽን አምና ነው እጇን ያነሳችው! እምነቷን ብትነጥቂያት፣ እጇ ተመልሶ ቢወድቅስ?»

ልታልፈኝ አንድ እርምጃ ተራመደች። «ሊሆን ይችላል ወይ እያልኩሽ ነው!» አልኳት።

«አናውቅም» አለች የበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ። «ግን ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ራሳቸውን አምነው ሰጥተውኛል። በገዛ ራሳቸው ላይ የሆነውን እንዴት እደብቃቸዋለሁ?»

ያን ጊዜ ፈርታ እንደነበር አየሁ፤ ከእኔ የባሰ። መንገድ ለቀቅኩላት።

ፈጠነች ትኩስ ጎዳሬ ከነልጣጩ ፊቷ ቀርቦላት ተቀምጣለች። ዶክተሯ በርከክ ብላ ሳታለሳልስ ነገረቻት።

«ባዶ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቁንጠጣ በኋላ ባዶ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄን ማን አነሳው?» ቀኝ እጇን አሳየቻት።

«ምናልባት ልምምዱ ነው፣ ምናልባት ጊዜው... ምናልባት...»

«ቦሎቄውንማ እኔ ነኝ የለቀምኩት» አለች ፈጠነች።

ከዚያ ወደ ጎዳሬው ዞረች። በግራዋ ያዘችው፤ ቀኝ አውራ ጣቷ ሄደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አዳለጠው። እኔ ልነሳ ስል ዶክተሯ እጅጌዬን ይዛ አስቀረችኝ። ጣቷ ተመለሰ፤ ልጣጩ ሥር ገባ፤ ቀስ ብሎ ገፈፈው። በቀኝ እጇ አንስታ ከቃሪያ የተፈጨውን ዳጣ አስነክታ ጎረሰች፤ እያኘከች በየተራ አየችን።

ከማንም ትእዛዝ ሳይቀበል፣ በማንም ሽቦ ሳይነካ፣ ከራስ ቅሏ ውስጥ መንገድ ጠርጎ የመጣ ነገር ነበር። አሁንም ሳስበው ይነዝረኛል።

ወደ ዶክተራችን ዞርኩ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነው። አንዳች ቅዱስ ቃል ይወጣታል ብዬ ጠበቅኩ።

«እማማ» አለች በአይበሉባዋ እየጠረገችው፣ «እስኪ አሁን ዓይንዎን ጨፍነው ይድገሙት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ያለኝ በሩን አሳየው ነበር። ትሪውን አየሁና የቀረው ጎዳሬ ለሙከራዋ እንደማይበቃ ገባኝ፤ ማድቤት ገብቼ የጎዳሬውን ድስት ይዤላት መጣሁ።